አሥረኛ ወጥቶ ሻምፒዮን? የኤሲሲ የቅርጫት ኳስ ጥሎ ማለፍ ከ1954 እስከ ዛሬ

የድሮ_ታክሲ_ነጂ (አሌክሳንድሪያ)፣ መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ቅዳሜ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ዋሽንግተን መሀል ከተማ ካፒታል ዋን አሬና ከሚባለው አዳራሽ ደጃፍ አራት መንገደኞች ጫንኩ። አራቱም ቀይ ለብሰዋል። በዕድሜ የገፉት፣ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሰው፣ ከፊት ተቀምጠው ድልድዩን ተሻግረን አርሊንግተን እስክንደርስ እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ሲጠርጉ ስላየሁ መርዶ የደረሳቸው መስሎኝ ሬዲዮኑን አጠፋሁ። ከኋላ ያሉት ልጆቻቸው ሲስቁ ነው የደስታ እንባ መሆኑ የገባኝ። የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን የኮንፈረንሱን፣ ማለትም ኤሲሲ የሚባለውን የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ፣ ዋንጫ ወስዶ ኖሯል፤ በፈረንጆቹ ከ1987 ወዲህ የመጀመሪያው ነው አሉኝ።

ቤቴ ገብቼ ውጤቱን ስመለከት ግን ግራ ገባኝ። ይህ ቡድን መደበኛውን የውድድር ወቅት የጨረሰው 17 ጊዜ አሸንፎ 14 ጊዜ ተሸንፎ ነው። በኮንፈረንሱ ደረጃ አሥረኛ ነው፤ የመጨረሻዎቹን አራት ጨዋታዎችም በተከታታይ ተሸንፏል። ታዲያ በአምስት ቀን አምስት ጨዋታ ስላሸነፈ ብቻ ሻምፒዮን ይባላል? አንደኛ ሆኖ የጨረሰው ሌላው ዩኒቨርሲቲ፣ የቻፕል ሂሉ ኖርዝ ካሮላይናስ፣ ምን ቀረለት? ሽማግሌው ሲወርዱ «በእኛ ጊዜ የሚያልፈው አንድ ብቻ ነበር» ብለውኝ ነበር፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ ሳልጠይቃቸው በሩ ተዘጋ። የምታውቁ ብታስረዱኝ ውለታ ነው።

ራሌይ_ነዋሪ፣ መጋቢት 9

ወንድሜ፣ ያነሱት ጥያቄ ቀላል ይመስላል እንጂ እኔ በምኖርበት ከተማ ሰው ሰባ ዓመት ሲከራከርበት የኖረ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንድጽፍ ይፈቀድልኝ።

እስከ 1953 ድረስ የእነዚህ አካባቢዎች ዩኒቨርሲቲዎች ሳውዘርን ኮንፈረንስ በሚባል ማኅበር ውስጥ ነበሩ። የአባላቱ ቁጥር አሥራ ሰባት ደርሶ ስለነበር በአንድ ወቅት ሁሉም ከሁሉም ጋር መገናኘት አይችሉም፤ ስለዚህ አንደኛው ማን እንደሆነ ለመለየት ጥሎ ማለፍ የግድ ነበር። ማኅበሩን የበተነው ደግሞ ቅርጫት ኳስ ሳይሆን የአሜሪካ እግር ኳስ ነው። የዩኒቨርሲቲዎቹ ፕሬዚዳንቶች ቡድኖቻቸው ከወቅቱ በኋላ በሚደረጉት የቦውል ጨዋታዎች እንዳይካፈሉ ሲከለክሉ ሜሪላንድና ክሌምሰን እንቢ ብለው ተጫወቱ፣ ተቀጡም። በሜይ 1953 ሰባት ትምህርት ቤቶች ከግሪንስቦሮ ወጣ ብሎ በሚገኝ ሴጅፊልድ በተባለ ሆቴል ተሰብስበው አትላንቲክ ኮስት ኮንፈረንስን፣ ማለትም ኤሲሲን መሠረቱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቨርጂኒያ ስምንተኛ ሆኖ ገባ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠመዘዘው። ስምንት ቡድን ብቻ ያለው ሊግ እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ ሊገናኝ ስለሚችል ጥሎ ማለፍ አያስፈልገውም ነበር። ያም ሆኖ ልማዱን ይዘው ወጡ። ምክንያቱ አንድም ገንዘብ ነው፣ አንድም ኤቨረት ኬስ። ኬስ በ1946 ከኢንዲያና ወደ ኖርዝ ካሮላይና ስቴት (በአጭሩ ስቴት እንለዋለን) የመጣ አሰልጣኝ ነው፤ ኢንዲያና ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጥሎ ማለፍ እንደ ዓመት በዓል የሚከበርበት አገር ነው። በጦርነቱ ምክንያት ብረቱ ብቻ ቆሞ የቀረውን የሬይኖልድስ ኮሊሲየም ሕንፃ አስረዝሞ 12,400 ሰው እንዲይዝ ያስደረገው እሱ ነው። በ1947 የሳውዘርን ኮንፈረንስን ዋንጫ ሲወስድም የቅርጫቱን መረብ ከቀለበቱ ላይ ቆርጦ ወሰደ። ዛሬ በመላው አሜሪካ አሸናፊ ቡድን መሰላል አቁሞ መረብ የሚቆርጠው ከዚያ በተወረሰ ልማድ ነው።

የመጀመሪያው የኤሲሲ ውድድር በማርች 1954 በዚሁ አዳራሽ ተካሂዶ ስቴት ዌክ ፎረስትን በጭማሪ ሰዓት 82 ለ 80 አሸነፈ። የቀጣዮቹን ሁለት ዓመታት ዋንጫም ኬስ ወሰደ።

አሁን ወደ ሽማግሌው ቃል እንመለስ። በዚያ ዘመን ወደ አገር አቀፉ የኤንሲኤኤ ውድድር የሚሄደው ከአንድ ኮንፈረንስ አንድ ቡድን ብቻ ነበር፤ ኤሲሲ ደግሞ ያንን አንድ ቦታ ለጥሎ ማለፉ አሸናፊ ሰጠው። ሦስት ወር የለፋ ቡድን ዕጣው በሦስት ቀን ይወሰናል ማለት ነው። በ1957 የፍራንክ ማክጓየር ኖርዝ ካሮላይና አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ መጥቶ በግማሽ ፍጻሜው ከዌክ ፎረስት ጋር እስትንፋሱ ሊቆም ደርሶ ነበር። በመጨረሻዋ ደቂቃ ሌኒ ሮዘንብሉዝ አግብቶ፣ በተሠራበት ጥፋትም ተጨማሪ ነጥብ አግኝቶ፣ 61 ለ 59 አመለጡ። ያ ቡድን ነው በኋላ ዊልት ቻምበርሌይን የሚጫወትበትን ካንሳስን በሦስት ጭማሪ ሰዓት 54 ለ 53 አሸንፎ 32 ለ 0 በሆነ ውጤት የአገሪቱ ሻምፒዮን የሆነው። ዌክ ፎረስት ቢያሸንፍ ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ የተሸነፈ ቡድን ቤቱ ቁጭ ይል ነበር።

ኬስን ሳልጨርስ አላልፍም። በካንሰር ታሞ በ1964 መጨረሻ ሥራውን ለቀቀ። በማርች 1965 ስቴት በዚያው በሬይኖልድስ ዱክን 91 ለ 85 አሸንፎ ዋንጫውን ሲወስድ፣ ተጫዋቾቹ ሕመምተኛውን አሰልጣኝ በትከሻቸው ከፍ አድርገው የመረቡን የመጨረሻ ክር እሱ እንዲቆርጠው አደረጉ። በሚቀጥለው ዓመት አረፈ። የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመው ሽልማት ዛሬም በስሙ ይጠራል።

የሲልቨር_ስፕሪንጓ፣ መጋቢት 10

ራሌይ ነዋሪ ታሪኩን በደንብ አስቀምጠውታል፤ ነገር ግን ከአሸናፊው ወገን ሆነው ነው የጻፉት። ከተሸናፊው ወገን ልጨምርበት።

ባለቤቴ በ1973 ለትምህርት መጥቶ ኮሌጅ ፓርክ፣ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ገባ። አንድም ጊዜ ቅርጫት ኳስ አይቶ የማያውቅ ልጅ በስድስት ወር ውስጥ ሌላ ወሬ የሌለው ሰው ሆነ። ማርች 9 ቀን 1974 ምሽት በማደሪያቸው ሳሎን ውስጥ ከሃምሳ ተማሪ ጋር ሆኖ የግሪንስቦሮውን ፍጻሜ አየ። ስቴት በአገሪቱ አንደኛ፣ ሜሪላንድ አራተኛ ተብሎ የተመደበበት ጊዜ ነው። በሜሪላንድ በኩል ሌን ኤልሞር፣ ቶም ማክሚለንና ጆን ሉካስ፤ በስቴት በኩል ዴቪድ ቶምፕሰን፣ ቁመቱ ከሁለት ሜትር ከአሥር የሚበልጠው ቶም በርልሰን፣ ከጎኑ ደግሞ አንድ ሜትር ከሰባ የማይበልጠው ሞንቲ ታው። በርልሰን 38 ነጥብ አስቆጠረ። የመወርወሪያ ሰዓት ገደብም ሆነ ባለ ሦስት ነጥብ መስመር በሌለበት ዘመን፣ ከላይ ሆኖ በቀለበቱ ውስጥ መሰካት በሕግ በተከለከለበት ዘመን፣ ጨዋታው በጭማሪ ሰዓት 103 ለ 100 አለቀ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ነፃ ውርወራዎች ያስገባው ያ አጭሩ ታው ነው።

ስቴት ከዚያ ሄዶ ዩሲኤልኤን በሁለት ጭማሪ ሰዓት 80 ለ 77 ጥሎ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ሜሪላንድስ? በአገሪቱ ካሉ አራትና አምስት ምርጥ ቡድኖች አንዱ ሆኖ ሳለ ወቅቱ እዚያው አበቃ። ኤንአይቲ የሚባለው ሁለተኛው ውድድር ሲጋብዛቸውም አንሄድም አሉ። አሰልጣኙ ሌፍቲ ድሪዜል ከጨዋታው በኋላ በስቴት አውቶቡስ ላይ ወጥቶ ተጫዋቾቹን እንኳን ደስ ያላችሁ እንዳለ ይነገራል። ባለቤቴ ይህን ክፍል ሲሰማ ዛሬም ከክፍሉ ይወጣል። ጨዋታው በቴሌቪዥን በተደገመ ቁጥር ሻይ ሊያፈላ ይነሣል፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የዚያን ጨዋታ መጨረሻ ሁለተኛ አላየውም።

ሽማግሌው መንገደኛ ያለቀሱት ለቅዳሜው ዋንጫ ብቻ አይመስለኝም።

ሕግ_አዋቂ፣ መጋቢት 10

እትዬ፣ ለባለቤትዎ አዝናለሁ። ሆኖም አንድ ነገር ሳይነገር እንዳይቀር። በ1973 ፍጻሜም የተገናኙት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው፤ ስቴት 76 ለ 74 አሸንፎ ዓመቱን 27 ለ 0 ጨረሰ። ነገር ግን በተጫዋች ምልመላ ጥፋት ቅጣት ላይ ስለነበር ወደ ኤንሲኤኤ የሄደው ተሸናፊው ሜሪላንድ ነው። ስለዚህ ባንድ ዓመት ልዩነት ሜሪላንድ ተሸንፎ ሄደ፣ ተሸንፎም ቀረ።

ፍትሕ ጎደለ ከተባለ ከሁሉ የባሰው የሳውዝ ካሮላይና ነው። በ1970 በኮንፈረንሱ መደበኛ ግጥሚያዎች 14ቱንም አሸነፉ። አሰልጣኛቸው ከላይ የተጠቀሰው ማክጓየር ነው፤ በ1957 በዚሁ ሥርዓት ዳር ላይ ቆሞ የተረፈው ሰው ማለት ነው። በግማሽ ፍጻሜው ኮከባቸው ጆን ሮች ቁርጭምጭሚቱ ተጎዳ። በማግስቱ ሻርሎት ላይ ስቴት ኳሱን እያዘገመ ይዟቸው ሁለት ጭማሪ ሰዓት ድረስ ሄዱና 42 ለ 39 ተሸነፉ። አለቀ። አሥራ አራት ለባዶ የሆነው ቡድን ለኤንሲኤኤ አልታጨም።

በሚቀጥለው ዓመት በቀላቸውን አገኙ፤ ያገኙበት መንገድ ግን ሥርዓቱ ምን ያህል በዕድል ላይ የቆመ እንደነበር ያሳያል። ከኖርዝ ካሮላይና ጋር በአንድ ነጥብ እየተመሩ ጥቂት ሰከንድ ሲቀር ዳኛው በሳውዝ ካሮላይና ቅርጫት ሥር የዝላይ ኳስ፣ ማለትም ወደ ላይ የተወረወረችውን ኳስ ሁለት ተጫዋቾች ዘለው እንዲሻሙ፣ አዘዘ። ከሁለት ሜትር በላይ ከሆነው ሊ ዴድመን ጋር የዘለለው ከእሱ አንድ ስንዝር የሚያህል የሚያጥረው ኬቨን ጆይስ ነበር። ጆይስ ቀድሞ ኳሱን ነካት፤ ቶም ኦውንስ ቅርጫቱ ሥር ተቀብሎ አስገባት፤ 52 ለ 51። ዋንጫውን ይዘው በዚያው በ1971 ከኮንፈረንሱ ወጡ። ለመውጣታቸው የተማሪ ቅበላ መመዘኛ ጠብም አለበት፤ የ1970ው ቁስል የለበትም የሚል ሰው ግን አላጋጠመኝም።

አንድ እርማት ደግሞ ልስጥ። ብዙ ሰው «የ1974ቱ ጨዋታ ሕጉን አስለወጠ» ይላል። በ1975 ኤንሲኤኤ የተሳታፊውን ቁጥር ወደ 32 አሳድጎ ከአንድ ኮንፈረንስ ሁለተኛ ቡድን እንዲገባ መፍቀዱ እውነት ነው። ነገር ግን ችግሩ የኤሲሲ ብቻ አልነበረም። በ1971 የሎስ አንጀለሱ ዩኤስሲ 24 ጊዜ አሸንፎ ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ሁለቱንም በዩሲኤልኤ ተሸንፎ፣ ቤቱ ቀርቷል። የግሪንስቦሮው ምሽት ዋናው ማስረጃ ሆነ እንጂ ብቸኛው ማስረጃ አልነበረም።

ራሌይ_ነዋሪ፣ መጋቢት 10

ሕግ አዋቂ ያሉትን እቀበላለሁ፤ በተለይ የ1970ውን። ነገር ግን ፍትሕን ብቻ ከለካንበት ይህ ውድድር ለምን እንደተወደደ አይገባንም። ሌሎቹ ትልልቅ ኮንፈረንሶች ለብዙ ዓመታት «አንደኛውን እናውቀዋለን» ብለው ጥሎ ማለፍ አልነበራቸውም። ሳውዝ ኢስተርን በ1952 አቁሞ የተመለሰበት በ1979 ነው፤ ቢግ ቴን የጀመረው በ1998 ነው፤ የአይቪ ሊግ ምሁራን እስከ 2017 ቆይተዋል። ሁሉም በመጨረሻ ወደ ኬስ ሐሳብ መጡ።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ትምህርት ቤት ሳለች የሆነውን ነግራኛለች። የውድድሩ መክፈቻ ዓርብ ሲሆን መምህሯ ጎማ ባለው ጠረጴዛ ላይ የተጫነ ቴሌቪዥን እየገፋች ወደ ክፍል ታስገባለች፤ ሒሳብ የለም፣ ሳይንስ የለም፤ ርዕሰ መምህሩ ራሱ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። በሰሜን ካሮላይና እንዲህ ያላደገ የእሷ ዘመን ሰው አላጋጠመኝም። ይህን ያመጣው ከ1957ቱ ድል በኋላ ካስልማን ቼስሊ የተባለ ሰው የጀመረው የቴሌቪዥን ሥርጭት ነው፤ የግሪንስቦሮው ፓይለት ላይፍ የሕይወት መድን ድርጅት ስፖንሰር ያደርገው ነበር።

ተማሪ_ከሻርሎት፣ መጋቢት 10

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። በአንድ የውጤት ሰንጠረዥ ላይ የ1968 ግማሽ ፍጻሜ «12 ለ 10» ተብሎ አይቻለሁ። የትየባ ስሕተት ነው ወይስ የሩብ ጨዋታ ውጤት?

የቀድሞ_ዳኛ፣ መጋቢት 11

ልጄ፣ ስሕተት አይደለም። የአርባ ደቂቃ ሙሉ ጨዋታ ውጤት ነው፤ በዕረፍት ላይ 4 ለ 2 ነበር።

ዛሬ ቡድን ኳስ ይዞ በ30 ሰከንድ ውስጥ ወደ ቅርጫት ካልወረወረ ኳሷን ያጣል። ያኔ ገደብ አልነበረም። ስቴት ደካማው ቡድን ነበር፤ የዱክ ረጃጅሞች ቅርጫቱ ሥር ተሰብስበው ስለሚጠብቁ የስቴት አሰልጣኝ ኖርም ስሎን ኳሷን መሀል ሜዳ አካባቢ ይዘው እንዲቆዩ አዘዘ። የዱክ አሰልጣኝ ቪክ ቡባስ ተጫዋቾቹን አውጥቶ ከማስጨነቅ ይልቅ ባሉበት አቆማቸው። ስለዚህ አንድ ልጅ ኳስ ይዞ ቆመ፣ አምስት ልጆች ደግሞ ከሩቅ እያዩት ቆሙ፤ ሰው በሻርሎት አዳራሽ ገንዘቡን ከፍሎ ያየው ይህን ነው። የሚገርመው ስሎንም ቡባስም የኬስ ተጫዋቾች የነበሩ ናቸው፤ የመምህራቸው ስም የወጣው ግን በሩጫና በብዙ ነጥብ ነበር። ስቴት በማግስቱ በፍጻሜው በኖርዝ ካሮላይና 87 ለ 50 ተቀጠቀጠ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1966፣ የኖርዝ ካሮላይናው አሰልጣኝ ዲን ስሚዝ ራሱ በቡባስ ላይ ተመሳሳይ ዘዴ ሞክሮ 21 ለ 20 ተሸንፏል።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በትምህርት ቤቶች ውድድር ፊሽካ የነፋሁበት ዘመን ስለነበር አሸናፊው ቡድን ኳስ ሲደብቅ የዳኛ እጅ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ አውቀዋለሁ። ሕጉን ካልጣሰ ምን ትለዋለህ? ቆመህ ሰዓት ታያለህ። ተመልካቹ ደግሞ የሚሰድበው ኳስ የያዘውን ሳይሆን ፊሽካ የያዘውን ነው።

ነገሩ የፈነዳው በ1982 ፍጻሜ ነው። ግሪንስቦሮ ላይ ራልፍ ሳምፕሰን የሚሰለፍበት ቨርጂኒያና ጄምስ ወርዚ፣ ሳም ፐርኪንስና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪው ማይክል ጆርዳን ያሉበት ኖርዝ ካሮላይና ተገናኙ። አገር ሁሉ በቴሌቪዥን ተቀምጧል። ኖርዝ ካሮላይና በአንድ ነጥብ እየመራ ወደ ሰባት ደቂቃ ለሚጠጋ ጊዜ ኳሷን ይዞ ቆየና 47 ለ 45 አሸነፈ። በሜዳው ላይ የቆሙትን ልጆች ስም መለስ ብላችሁ አንብቡት፤ ያንን ሁሉ ችሎታ ይዞ ሰዓት መቁጠር! በሚቀጥለው ወቅት ኤሲሲ የ30 ሰከንድ ሰዓትና በጣም ቅርብ የሆነ ባለ ሦስት ነጥብ መስመር ለሙከራ አስገባ። ኤንሲኤኤ በ1985 መገባደጃ የ45 ሰከንድ ሰዓት ለሁሉም አደረገው፤ በ1986 መገባደጃ ባለ ሦስት ነጥቡ ተከተለ።

የሲልቨር_ስፕሪንጓ፣ መጋቢት 11

እስካሁን ያልተነሣ ነገር ላንሣ። በሬይኖልድስ ኮሊሲየም መረብ ሲቆረጥ በሜዳው ላይ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልነበረም። ኮንፈረንሱ ከተመሠረተ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1965፣ የመጀመሪያው ጥቁር የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ቢሊ ጆንስ ለሜሪላንድ ተሰለፈ። እዚህ ላይ የእኛ ትምህርት ቤት ቀዳሚ በመሆኑ ባለቤቴ ይኮራል።

ሥርዓቱ ምን ያህል እንዳጣ የታየው በ1969 ፍጻሜ ነው። ቻርሊ ስኮት፣ የኖርዝ ካሮላይና የመጀመሪያው ጥቁር ባለ ስኮላርሺፕ ስፖርተኛ፣ ቡድኑ ከዱክ ኋላ ቀርቶ ሳለ በሁለተኛው አጋማሽ ብቻውን 28 ነጥብ አስገባ፤ በጠቅላላው 40። ውጤቱ 85 ለ 74 ሆነ። አምስት ዓመት ቆይቶ የቶምፕሰን ዘመን መጣ። የ1974ቱን ጨዋታ «ከሁሉ የበለጠው» የምንል ሰዎች፣ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ቢሆን ቶምፕሰንም ኤልሞርም ሉካስም በዚያ ሜዳ ላይ እንደማይኖሩ ማሰብ ይኖርብናል።

ተማሪ_ከሻርሎት፣ መጋቢት 11

አመሰግናለሁ። ታዲያ ከ1975 በኋላ ተሸናፊውም የሚሄድ ከሆነ ውድድሩ ለምን ትርጉም አላጣም?

ራሌይ_ነዋሪ፣ መጋቢት 12

ለጠንካሮቹ በከፊል አጥቷል፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ከ1999 እስከ 2003 ዱክ አምስት ጊዜ በተከታታይ ሲወስደው እኔ ራሴ ማየት ሰልችቶኝ ነበር። ለደካሞቹ ግን ትርጉሙ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ ሌላ በር ለተዘጋበት ቡድን ይህ ብቸኛው በር ነው። በ1976 ስድስተኛ ተመድቦ የመጣው ቨርጂኒያ ላንዶቨር ላይ ስቴትን፣ ሜሪላንድንና ኖርዝ ካሮላይናን በተከታታይ ጥሎ የመጀመሪያ ዋንጫውን ወሰደ፤ ሁለተኛውን ለማግኘት 38 ዓመት ጠበቀ። በ1983 የጂም ቫልቫኖ ስቴት አትላንታ ላይ ቨርጂኒያን 81 ለ 78 ካላሸነፈ የሚጋበዝ አይመስልም ነበር፤ አሸንፎ ሄደና ሂዩስተንን 54 ለ 52 ረትቶ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። በ1995 የዌክ ፎረስቱ ራንዶልፍ ቺልድረስ በሦስት ጨዋታ 107 ነጥብ አስቆጥሮ ከ1957 ጀምሮ የቆየውን የሮዘንብሉዝን 106 አለፈ፤ በፍጻሜው ኖርዝ ካሮላይናን በጭማሪ ሰዓት 82 ለ 80 ሲያሸንፉ 37ቱ የእሱ ነበሩ። አንዱን ተከላካይ በኳስ አጣጥፎ ሜዳ ላይ ካስቀመጠው በኋላ ተነሥ እያለ በእጁ ሲጠራው የሚያሳየውን ምስል እስካሁን ያላያችሁ ካላችሁ ዛሬ ማታ ፈልጉት።

ለሲልቨር ስፕሪንጓ ደግሞ የ2004ን ላስታውስ። ስድስተኛው ሜሪላንድ የዱክን አምስት ዓመት የቆረጠው በጭማሪ ሰዓት 95 ለ 87 ነው፤ ያን ጊዜ ባለቤትዎ ሻይ ሊያፈሉ እንዳልተነሡ ተስፋ አደርጋለሁ።

ያሳዘነኝ ሌላ ነው። ኮንፈረንሱ ከቴሌቪዥን ገንዘብ ጋር እያበጠ ሄደ፤ ስምንት የነበረው አሥራ ሁለት፣ ከዚያ አሥራ አምስት ሆነ፤ ከ2024–25 ወቅት ጀምሮ ደግሞ ከካሊፎርኒያና ከቴክሳስ ጭምር ሦስት ይጨመራሉ። ሦስት ቀን የነበረው አምስት ቀን ሆነ። ውድድሩም ከግሪንስቦሮ ወጥቶ አትላንታ፣ ብሩክሊን፣ ዋሽንግተን ዞረ። መሥራቹ ሜሪላንድ በ2014 ወደ ቢግ ቴን ሄደ፤ የመጨረሻ የኤሲሲ ጨዋታውን ግሪንስቦሮ ላይ በፍሎሪዳ ስቴት 67 ለ 65 ተሸንፎ ነው የተሰናበተው። ከዚያ በኋላ በፈረንጆቹ 2016ና ዘንድሮ ውድድሩ ዋሽንግተን ሲመጣ፣ ከአዳራሹ በባቡር የሚደረስበት የኮሌጅ ፓርኩ ቡድን አባል አልነበረም። በማርች 2020 ደግሞ ወረርሽኙ ሲገባ ውድድሩ በመሀል ተቋርጦ ዋንጫው ባዶ አዳራሽ ውስጥ ለፍሎሪዳ ስቴት ተሰጠ፤ መረብም አልተቆረጠም።

የድሮ_ታክሲ_ነጂ፣ መጋቢት 12

እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ገባኝ፤ አንደኛው ኖርዝ ካሮላይና ተሸንፎም በኤንሲኤኤ ከአራቱ ቀዳሚዎች አንዱ ሆኖ ተመድቧል፤ ስቴት ግን ቅዳሜ ባያሸንፍ ኖሮ የትም አይሄድም ነበር። ዓርብ ማታ ከቨርጂኒያ ጋር የነበረውን ግማሽ ፍጻሜም ፈልጌ አየሁት። በሦስት ነጥብ እየተመሩ አምስት ሰከንድ ሲቀር የቨርጂኒያው ልጅ ነፃ ውርወራ ሳተ፤ ማይክል ኦኮኔል ኳሷን ይዞ ሮጦ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጪ ሆኖ ወረወራት፤ ሰሌዳውን መትታ ገባች፤ 58 እኩል። በጭማሪ ሰዓት 73 ለ 65 አሸነፉ። ያቺ ኳስ ጥቂት ጣት ወደ ግራ ብትሄድ ቅዳሜ ማታ ሽማግሌው በእኔ መኪና ውስጥ አይኖሩም ነበር።

ራሌይ_ነዋሪ፣ መጋቢት 29

ክሩን ላልዘጋችሁት። ስቴት ከ1983 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገሪቱ አራት የመጨረሻ ቡድኖች አንዱ ሆኖ ነበር፤ ወደዚያ ያለፈው ደግሞ ዱክን ጥሎ ነው። ትናንት ማታ አሪዞና ላይ በፐርዱ 63 ለ 50 ተሸነፈ። ከተማው ዛሬ ፀጥ ብሏል፤ ዋናው መንገድ ላይ ግን ቀዩ ባንዲራ እንደተሰቀለ ነው።

የድሮ_ታክሲ_ነጂ፣ መጋቢት 29

አይቻለሁ። ሚስቴ «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው?» እያለች እስከ መጨረሻው አየሁት። ሽማግሌው በዚያች ምሽት የከፈሉኝን ካርድ ደረሰኝ መኪናዬ ውስጥ አገኘሁት፤ ከጀርባው በእስክሪብቶ «103–100» ብለው ጽፈውበት ኖሯል። ያኔ የስልክ ቁጥር መስሎኝ ነበር።